ክሌም ሦስት ቀን ያላነሳቸው ዓሦች

ወንድሜ ክሌም ሽታ አያውቅም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ከገብስ ጎተራው መሰላል ወድቆ ማጅራቱን ተመታ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ እጁም እግሩም ደህና ነበር፤ የጎደለው አፍንጫው ብቻ ነው። አፍንጫው አለ፣ ያውም ትልቅ ነው፤ ሥራ ፈቶ ፊቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ። እኛ አገር ቅጽል ስም የሚወጣው በግልባጩ ነው። ረጅሙን «አጭሬ»፣ ጸጉረ ቀዩን «ሰማያዊ» እንደምንለው ሁሉ ከተማችን ፖርት ዊላም በሙሉ ክሌምን «አነፍናፊ» ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ይሄ ቀልድ አልሰለቻቸውም። እሱም አይቆጣም። የኮመጠጠ ወተት ጠጥቶ «ምነው ወፈረሳ?» የሚል ሰው በምን ይቆጣል?

ከሽታው ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ የሄደ ይመስለኝ ነበር። ሚስቱ ሮንዳ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ዋና ከተማው ወደ አደሌይድ ስትሄድ በር ከፍቶ፣ ሻንጣዋን መኪና ላይ ጫነላት። ማታውን ሄጄ «ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ሻንጣው ይከብድ ነበር» አለኝ።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። በክሌም ላይ አልሠራም።

እንግዲህ በበጋው መጨረሻ ላይ ባሕሩ ታመመ። አልጌ የሚባሉ ዓይን የማያያቸው የባሕር እጽዋት ያለ ልክ ተራብተው ውሃውን ቀጭን ሻይ አስመሰሉት፤ ዓሣው እየታፈነ ወደ አሸዋው ይወጣ ጀመር። ሻርኩ፣ ሸርጣኑ፣ ስኩዊዱ፣ ስሙን የማናውቀው ሁሉ። ምሁራኑ ባሕሩ «አበበ» ነው የሚሉት። እንዲህ ያለውን አበባ ለጠላቴም አልመኝ። ማዘጋጃ ቤቱ በድኑን የሚያነሱ ሁለት ጎረምሶች ቢቀጥር፣ በሁለተኛው ቀን እያስታወኩ ጠፉ። በሦስተኛው ቀን ለክሌም ደወሉለት። ጡረታ ከወጣ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ስልኩን እንደዘጋ አካፋውን ፍለጋ ወጣ።

ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ሲወጣ አሸዋው ጸድቶ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ትልልቆቹን ያነሳል፤ ትንንሾቹን በመንሽ ይሰበስባል። ጠፍጣፋዎቹን ዓሦች ጋሪው ላይ ሲጭን ሁልጊዜ በሆዳቸው ነው የሚያስተኛቸው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«በሆዳቸው በኩል ፊት አላቸው» አለ። «ሰው ይመስላሉ።»

ከዚያ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

እኔና ባሌ ዋረን ከከተማው ወደ ደቡብ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ኦይስተር አርብተናል፤ ያንን ቅርፊቱን ፈልቅቀው ሎሚ ጨምቀው ጥሬውን የሚውጡትን። ውሃው መርዝ እንደሌለበት ካልተረጋገጠ አንዲት ፍሬ መሸጥ ክልክል ነው። የምንቀዳው ናሙና አደሌይድ ድረስ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ያልፋል። አሥር ቀን ያለፈውን ውጤት ደግሞ ማንም አይቀበለውም፤ እንደገና ቅዱ ይሉናል። ሰባት ወር እንዲህ ስንባል ከረምን። መዳኛችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንዲት መመርመሪያ ክፍልና አንዲት ጀልባ። ማዘጋጃ ቤቱም እሺ፣ ግን ነዋሪው ይከፍላል ወይ አለ። እያንዳንዱ ቤት በዓመት በአማካይ አርባ ዶላር እከፍላለሁ ካለ ነገሩ ይታሰብበታል፤ ካላለ ቀረ። ከቀረ ዋረን ከገና እንደማናልፍ ነግሮኛል። የባሕር ይዞታችንን ሸጦ መውጣት ነው።

ነዋሪውን የምትጠይቅ ሺቫኒ የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሆቴሉ ውድ ስለሆነባት የኋላ ክፍላችንን አከራየናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሳህኗን ራሷ ታጥባለች። በመጀመሪያው ቀን በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ቆማ ጠይቃ ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ስንት አሉሽ?» አለ ዋረን፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ለሙከራ ነው እኮ፣ ሠላሳ ሰው ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ ዶላር።»

«ዘጠኝ! የሥጋ ፓይ ጋብዙኝ ብለሽ ነው እንዴ የለመንሻቸው?»

«'አልፏል እኮ' ነው የሚሉኝ» አለች። «'አሸዋውን አታይውም? ምን ቀረ?' ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው?»

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። ያራቀው ደግሞ የእናቴ ልጅ ነው።

በማግስቱ ክሌም ቤት ስሄድ ጓሮ ሆኖ ጋሪውን በጎማ ያጥባል።

«ክሌም፣ ሦስት ቀን ተዋቸው» አልኩት።

«ማንን?»

«ዓሦቹን። ከሰኞ ጀምሮ ሺቫኒ ቤት ለቤት ዞራ እስክትጨርስ።»

«ለማዘጋጃ ቤቱስ ምን እላለሁ?»

«አሞኛል በላቸው።»

«ታምሜ አላውቅም። ማን ያምነኛል?»

«ወገቤን በላቸው። በስድሳ ሦስት ዓመት ወገብ ለማመም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?»

ጎማውን ዘጋ። «ልጆች ይረግጧቸዋል ኖሊን። ደግሞ ሥራዬ ነው።»

«እኛስ? እኛ ስንረገጥስ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። «ላንተማ ምንህ ነው! አይሸትህ፣ አይሰማህ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሪውን ገልብጦ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ቆሞ ጠበቀ።

«እሺ» አለ።

ሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽታው ዋናው መንገድ ደረሰ። ማክሰኞ መጋረጃ ውስጥ ገባ፣ ዳቦ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ማሳል ጀመረ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በሩን ቆልፎ «በመስኮት ይስተናገዱ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ክሌም ግን ቤቱ አልዋለም። አሮጌዋን ፒክአፕ ከባሕሩ ፊት ለፊት አቁሞ ውስጧ ተቀምጦ ዋለ።

«አነፍናፊ! ምን ነካህ? ከተማው ሊሞት ነው እኮ!» ይሉታል የሚያልፉት።

«ወገቤን» ይላቸዋል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ወሰድኩለት። የሰኞው ሳንድዊች እንደተጠቀለለ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጀልባ ከሚወርድበት መንሸራተቻ አጠገብ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ክሌም በሩን ከፈተ፤ ሄዶ ሁለት እጁን ከሥሩ አስገብቶ በሆዱ አስተኛው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያን ጊዜ ስለ አፌ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር። «ብላ እንጂ» ብዬው ወረድኩ።

ረቡዕ ማታ ሺቫኒ ቁጥሮቿን ደምራ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች።

«ስድሳ አንድ! አማካዩ ስድሳ አንድ ዶላር!»

ዋረን ልጅቷን እንደ ከረጢት አንስቶ አዞራት። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ከፈተ፤ እኔም ጠጣሁ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ክሌም ጋሪውን እየገፋ ወረደ፤ የሦስት ቀኑን አንስቶ ሲጨርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባውን የጠራው በእግር ኳስ ክለቡ አዳራሽ ነው። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዋረን ሸሚዙን ተኩሶ ከፊት ተቀመጠ። ሺቫኒ ስድሳ አንዱን ስትናገር ሰው አጉረመረመ እንጂ እምቢ ያለ አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠች።

«የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘቡ ከሁሉ በፊት ለምን ይዋል የሚል ነበር» አለች። ወደኛ አልተመለከተችም። «ከመቶው ሰማንያ አንዱ የሞተውን ከባሕር ዳር ለማንሳት ብሏል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። መዋጮው ጸደቀ። ለክሌም አሸዋ የሚያበጥር ትራክተርና የአምስት ዓመት ኮንትራት ተፈቀደ። የውሃው ምርመራ «በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል» ተባለ፤ ላም አለኝ በሰማይ። ከንቲባዋ «ላለፉት ወራት በትጋት ላገለገለን ወንድማችን» ስትል አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ክሌም ጫማውን ያይ ነበር። ዋረን ተነስቶ ወጣ።

እኔ አልተናደድኩም። ብናደድ ይሻለኝ ነበር። እጆቼን ሳያቸው እያጨበጨቡ ነው።

ይዞታችንን ከላይ ከምዕራቡ ጠረፍ የመጣ አንድ ኩባንያ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ቅርጫቶቻችንን ከውሃ በምናወጣበት ቀን ክሌም ሥራውን ጨርሶ ሊያግዘን መጣ። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከዋረን ጋር ሲያቀብል ዋለ፤ ዋረን የሚቀበለው ፊቱን አዙሮ ነበር። ዋረን የመጨረሻውን ጭነት ይዞ ሲሄድ እኔና ክሌም ፒክአፗ አጠገብ ቆመን ቀረን። በተከፈተው በር በኩል መቀመጫው ላይ ያለ ፖስታ አየሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አለበት።

«ኮንትራቱ ነው? እስካሁን አልፈረምክም እንዴ?»

«አልፈረምኩም።»

«ሁለት ሳምንት አለፈው እኮ ክሌም! ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይስጡት» አለ። እርጥብ ጓንቱን አወለቀ። «ከናንተ አፍ ላይ የተወሰደ እንጀራ ነው። አንቺን ሳልጠይቅ እንዴት እፈርማለሁ?»

ጓንቱን ተቀብዬ ጨመቅኩለት።

«ልጅቷ ስትጠይቅሽ ምን አልሻት?» አለኝ። «የመጨረሻውን። መጀመሪያ ለምን ይዋል ስትልሽ።»

ሺቫኒ እኔን የጠየቀችኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ኩሽናዬ ውስጥ ነበርን፤ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፤ አፌን በፎጣ ይዤአለሁ። ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም ነበር። ስንት ትከፍያለሽ ስትለኝ ሁለት መቶ አልኩ፤ ሦስት መቶ ማለትም ቃጥቶኝ ነበር። መጀመሪያ ለምን ይዋል ስትለኝ ግን አላሰብኩም። «መጀመሪያማ ይሄን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ «እርግጠኛ ነዎት?» አለች። «ጻፊ» አልኳት። ጻፈች።

ክሌም መልሴን ይጠብቃል።

«ውሃው ይመርመር አልኳት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ዋረንም እንደሱ ነው ያለው። እኔም ስትጠይቀኝ እንደዛው ነው ያልኩት። ሌላው ሰው ምንም ቢል እኛ ሦስታችን ብለናል።» እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ እርጥብና ከባድ ነበር። ክሌም ሰው ሲነካ አይቼው አላውቅም። «ያን ዕለት ጓሮዬ መጥተሽ ያልሽኝን ብዙ አሰብኩበት። ልክ ነሽ፣ እኔ ነገር አይገባኝም። አንቺ ግን ይገባሻል። ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ።»

«ፈርም» አልኩት።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋና ፈረመ።