እስከ ቀትር የሚዘጋ በር

ዐቢይ ጾም በገባበት ሰሞን፣ ደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በመምህርነት ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሥራ እንድጀምር ይጠብቁኛል። ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቀው መንደራችን ያስቀረኝ የእናቴ ጉልበት ነው፤ አልታጠፍ ካለ ከርሟል። ዶሮዎቿ ደግሞ በጎተራው ሥር፣ በጭድ ክምሩ ውስጥ፣ በካቡ ስንጥቅ፣ ደስ ባላቸው ቦታ ይጥላሉ። ባለፈው ክረምት እንቁላል ፍለጋ ጎንበስ ስትል ወድቃ ብዙ ታመመች። ሽጪያቸው እንዳልላት፣ በዚያ ቤት ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀን ቀን ቤት አይገኙም።

«አንድ ቦታ መጣል ይልመዱልኝና ትሄዳለህ» አለችኝ እናቴ። ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ከገበያ ባመጣኋቸው የቲማቲም ሳጥኖች የእንቁላል መጣያ ሠራሁ። ሳታጎነብስ እጇን እንድትሰድ፣ በዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በወገቧ ልክ አቆምኳቸው። ደረቅ የጓሳ ሣር ጎዘጎዝኩባቸው፤ ዶሮ ጨለም ያለ ቦታ ስለምትመርጥ አፋቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጋረድኩ፤ በየሳጥኑም አንዳንድ እንቁላል ተውኩ፣ እንቁላል ያየችበት ስፍራ መጣል ትወዳለችና። ከዚያም ውጭ ወጥተው እንዳይጥሉ የዶሮ ቤቱን በር እስከ ቀትር እየዘጋሁ መጽሐፌን ይዤ ደጃፉ ላይ እቀመጥ ጀመር። ከበሩ ወዲያ እነሱ ይጭራሉ፤ ከበሩ ወዲህ እኔ ያነበብኩትን ገጽ መልሼ አነባለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ጡሩምባ በነፋሱ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። በሩን የዘጋሁት እኔ ብሆንም፣ የተዘጋው በማን ላይ እንደሆነ እየቆየ ያጠራጥረኝ ጀመር።

አባቴ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ሰጎን የጣለችውን እንቁላል በዓይኗ ትጠብቃለች» አሉ፤ «አንተ ያልተጣለውን መጠበቅህ ነው?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ እርስዎ ይጸልዩልኝ።»

«ለዶሮ የሚደገም ድጋም አላውቅም» ብለው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ዶሮዎቹ ሳጥኖቹን ለመዱ። ያበላሸነው እኛው ነን። ጾም ስለሆነ እንቁላል የሚበላ የለም፤ ብርዱም ያቆየዋል። ለፋሲካው ወጥ እዚያው ይጠራቀም ብለን ሳናነሣ ተውነው። እንቁላሉ ሲበዛ ቀይዋ ዶሮ ልትታቀፍ ተቀመጠችበት። እጄን ስሰድ ትነክሳለች፤ ልትጥል የቀረበችውን ሁሉ በመንቁሯ ታባርራለች። የተባረሩት በሩ ሲከፈትላቸው ወደ ጎተራው ሥር ተመለሱ። እኔም ወደ ጀመርኩበት ተመለስኩ።

መታቀፏን እንድትተው ለጥቂት ቀናት ሌላ ቤት መክረም ነበረባት። የልጅነት ሞግዚቴ የነበሩት ጎረቤታችን በነጠላቸው ጠቅልለው ሊወስዷት መጡ።

«ይኸው፣ እሷ እንኳ አገር ለቀቀች» አሉኝ ከብብታቸው ሥር እያሳዩኝ። «አንተ መቼ ነው?»

«ዶሮዎቹ ሲለምዱ።»

«እነሱማ ለምደውሃል።»

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላውን በዶሮዋ ላይ ደህና አድርጋ ሸፈነችና «በሉ፣ ሳትጮህ ውሰዷት» አለች።

ከዚያ በኋላ እንቁላሉን በየቀኑ እያነሣን በማሰሮ ገብስ ውስጥ አኖርን። ቀይዋም መታቀፏን ትታ ተመለሰች። ሆሳዕና ሲቃረብ ከአንዲት ጥቁር ዶሮ በስተቀር ሁሉም በሳጥን ይጥሉ ነበር። እናቴ እየቆመች እጇን ትሰዳለች፣ ታወጣለች፤ ወገቧን አትይዝም። ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ሻንጣውን አይታ ወደ ዶሮዎቿ ወጣች።

በሰሙነ ሕማማት መግቢያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥቁሯ ወደ ዳር ሳጥን ገባች። በበሩ ንቃቃት አየኋት። ብዙ ቆይታ ወጣችና ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ያን ያህል ጊዜ የጠበቅሁት ነገር ስለነበር ለመነሣት እንኳ አልቻልኩም፤ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩን ከፈተች፤ ወደ ዳር ሳጥን እጇን ሰደደች፤ አንዳች ነገር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ዞር ብላም አላየችኝም። ወደ ጎተራው ሄዳ ከኋላው ትንሽ ቆየችና ተመለሰች።

«ጥቁሯ ዛሬም አልለመደችም» አለች። ቋጠሮውን ፈትታ እንቁላሉን በመዳፏ ላይ አሳየችኝ። «ከጎተራው ሥር ነው ያወጣሁት።»

ያ ጉልበት ከጎተራው ሥር እንደማያደርሳት ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቷን አየሁት። ለቅጣት የቀረበ ሰው ይመስል መልሴን ቆማ ትጠብቃለች። ያየሁትን ብናገር በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

እንቁላሉን ተቀበልኳት። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።

«እንግዲያው በሩን ነገም እስከ ቀትር እዘጋዋለሁ» አልኳት።