የኮምባይነሩ ወረፋ

ትናንት አሰላ ላይ ለጀማሪዎች ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሊስት፣ የስም ዝርዝር መያዣውን፣ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። «ቲቸር፣ አዲሱን ስም መጨረሻ ላይ የሚጨምር አፔንድ ካለን፣ ፊት የሚያስገባው ኢንሰርት ምን ይሠራልናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደህና ነበር፤ የኔ አፍ ግን የቆየ ቅቤ ቀመሰ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ ዲክሲስ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ወረፋ የሚይዝ ፕሮግራም አሠራኝ። ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነሩ አንድ፣ ባለማሳው ብዙ ነው፤ ወረፋው በወረቀት ሲያዝ ጠብ አልጠፋም። ቀላል ሊስት ጻፍኩላቸው። የመጣ ሰው በአፔንድ ከኋላ ይሰለፋል፤ ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር ተረኛው ዜሮ ላይ ይቀመጣል። በስህተት የተዘለለ ሰው ካለ እንዲመለስ ብዬ ኢንሰርትንም አሳየኋቸው፤ እስኪለምዱትም ቢሯቸው ሰነበትኩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኮምፒዩተር መክፈት እንኳ በወር አልገባውም። ዜሮ ላይ ማስገባትን ግን በአንድ ከሰዓት ቻለው። የሚጠቅመውን መማር የሚያቅተው ሰው የለም። መቅደም የፈለገ ጭኮ ይዞለት ይመጣል፤ ያንን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት በእጁ እየዛቀ፣ ጣቱን ሳይጠርግ ይተይባል። የዜሮዋ ቁልፍ ቅቤ ጠጥታ ታብለጨልጭ ነበር። እኔ እሷን በእስክሪብቶ ጫፍ ነበር የምጫናት።

አደ ጫልቱ ባላቸውን በቅርቡ የቀበሩ ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ እየመጡ «ኮምፒዩተሩ ማል ጄዳ? ዛሬስ ምን ይላል?» ይሉኛል። ሁለተኛ የነበሩት አራተኛ ሆነዋል።

«እርስዎ እኮ ኋላ የመጡትን እያስቀደሙ ነው፤ የሴትዮዋ ስንዴ ሊረግፍ ነው» አልኩት ሊቀመንበሩን።

ጣቱን እየላሰ «ማሽኑ ካለ እኔ ምን ላድርግ፣ ልጄ?» አለኝ።

አንድ ቀን አደ ጫልቱም ያላቸውን ቅቤ አሟጠው ጭኮ ይዘው መጡ። ሳህኑን ለሰውየው አልሰጡትም፤ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጡት። «እንግዲህ አንተም ብላና አስታውሰኝ» አሉት።

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ በላ፤ ዜሮ ላይም አስገባቸው። ማምሻውን የሌላ ሰው ጭኮ መጣና አደ ጫልቱ ከዜሮ ወደ አንድ ተገፉ። በማግስቱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ፤ ስንዴያቸው ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ያንን ሰው የተጠየፍኩትን ያህል ማንንም ተጠይፌ አላውቅም። ጭኮም ከዚያ ወዲህ አልበላም፤ አርሲ ተወልዶ ጭኮ የማይበላ ምን ዓይነት ሰው ነው እያሉ ዘመዶቼ ይስቁብኛል።

ለተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ስሞች ጻፍኩላት። «አንዱን ዜሮ ላይ ስታስገቢ የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ወደ ኋላ ይገፋሉ» አልኳት።

«ፓይተን ስህተት ነው አይልም?»

«አይልም።»

እጄን የነካው የጠመኔ አቧራ ብቻ ነበር፤ ከክፍል ስወጣ ግን ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ።