የግራው ጎማ

ሥራዬ ጎማ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ አንድ ጎማ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎማው ላልቶ መኪናውን አስነሥቶ ሊሄድ ያለ ሰው ካየሁ ከነቱታዬ ወጥቼ ፊቱ ላይ እቆማለሁ፤ ቢሰድበኝም ግድ የለኝም። በዚህ ጉዳይ የማፍረው ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር። አንድ ሰው ግን ነበሩ፤ ጋሽ ወልደየስ።

ጋሽ ወልደየስ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ሁመራ በሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነድተዋል። ከዚያ ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። ዴንቨር ከመጡ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ቀጥሎ እስከ ጡረታቸው ድረስ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሹፌር ሆነው ሠሩ። አዲስ የመጣውን ሁሉ ለመንጃ ፈቃድ የሚያሠለጥኑት እሳቸው ነበሩ፤ እኔንም ጭምር። ስለ ሞተር ሲናገሩ ጣልቃ የሚገባ ሰው አላየሁም።

ጡረታ ሲወጡ ለቤታቸው መከራ ሆኑ። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ እንደነገሩኝ የወጥ ቤቱን መሳቢያዎች በሙሉ አራግፈው ዕቃውን በመጠን በመጠን ደረደሩት፤ እትዬ ጭልፋቸውን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። ስለዚህ ደብራችን ከአውሮራ በስተምሥራቅ ሰፊ መሬት ገዝቶ፣ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ትራክተር ሲጨመርበትና ቁልፏ ለጋሽ ወልደየስ ሲሰጥ፣ ስለታቸው እንደደረሰላቸው ሰው እልል ያሉት እትዬ አረጋሽ ናቸው።

በረዶ ሲጥል መኪና ማቆሚያውን ይጠርጉባታል፤ ሲሞቅ ሣሩን ያጭዱባታል። እሑድ ለቅዳሴ የሚመጣው ሰው መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይንሸራተት የሚገባው በእሳቸው ድካም ነው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። በር ላይ ቆመው የሰዉን ጫማ ሲመለከቱ አይቻቸዋለሁ፤ ደረቅ ከሆነ ፈገግ ይላሉ።

ችግሩ ሁመራ ሜዳ መሆኑ ነው። የእኛ መሬት በሰሜን በኩል የዝናብ ውኃ ወደሚጠራቀምበት ጉድጓድ የሚወርድ ተዳፋት አለው። እዚያ ሣሩ ሲረዝም የአካባቢው አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል፤ ስለዚህ መታጨድ አለበት። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ወልደየስ ተዳፋቱን አግድም ሲያጭዱ የላይኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሣ። አንድ ስንዝር ያህል ተነሥቶ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ቁጭ አለ። ያየው ደግሞ መልከጼዴቅ ነበር፤ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር፣ በሙያው እንግልውድ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ። ትራክተር የተገለበጠበት ሰው ምን እንደሚመስል እሱ በዓይኑ አይቷል። በማግስቱ በስብሰባ ላይ ትራክተሯ ትሸጥ፣ ሣሩን ለድርጅት እንስጥ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶላቸው ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ወልደየስ ጎማ ቤት መጡ። ከተቆለሉት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀምጠው ደንበኛ እስክሸኝ ጠበቁኝና የሆነውን ነገሩኝ። ጎማው ስለ መነሣቱ ብዙም አላወሩም። “ይህቺን ከወሰዱብኝ እኮ” አሉ፣ “ከነገ ጀምሮ የሚጠብቀኝ ሥራ የለም። ስነሣ የምነሣው ለምንድን ነው?” መፍትሔ ስፈልግ ስፔሰር ትዝ አለኝ።

ስፔሰር ማለት ወፍራም የብረት ቀለበት ነው። በቸርኬውና ቸርኬው በሚታሰርበት ብረት መካከል ይገባና ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል። እግሩን ገጥሞ የቆመን ሰው በቀላሉ ገፍተህ ትጥለዋለህ፤ አንፈራጦ የቆመውን ግን አትችለውም። ትራክተርም እንደዚያው ነው። ተዳፋቱንም አግድም ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ማጨድ እንዳለባቸው ነገርኳቸው፤ እሺ አሉ። ሰበካ ጉባኤውም አንድ ወር እንሞክረው ብሎ ተስማማ፤ ነገር ግን መልከጼዴቅ አንድ ነገር ጨመረበት። ስለሺ ባለሙያ ነው፤ እሱ በሁላችን ፊት ደህና ነው ካለ እናምናለን አለ። እኔን ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገጠምነው። ነገሩ ወሬ ሆኖ አርባ የሚሆን ሰው ቆሞ ያያል፤ በሕይወቴ ጎማ ስቀይር እንደዚያ ቀን ተመልካች ኖሮኝ አያውቅም። ክሪክ አስገብተን አነሣናት። የቀኙን እኔ ሠራሁ፤ ዳዶዎቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቅሁ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠቅ በሚለው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ ጠቅ እስኪል ድረስ አጠበቅሁ። የግራውን እኔ ነኝ የማስረው አሉ ጋሽ ወልደየስ። ቶርክ ሬንቹን ዘረጋሁላቸው። አጭሯን መፍቻ አነሡና “ተወው፣ እጄ ያውቀዋል” አሉኝ።

የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚቆልፍ ሰው ዳዶዎቹን ሳያፈራርቁ በተራ ዞሩባቸው። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መጨረሻዎቹ ላይ ግን መፍቻው ዞረ እንጂ ክንዳቸው እንዳልተጫነው አየሁ። አጥብቆ የሚያስር ሰው ትከሻው ይናገራል፤ የእሳቸው ትከሻ ምንም አላለም። አፌን ከፈትኩ። አርባውን ሰው አየሁ፣ እትዬ አረጋሽን አየሁ፣ አፌን ዘጋሁት።

ይሉኝታ ይሉታል። እኔ አሁን ሌላ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሆነ ታሪክ ስለሆነ ግን እዚህ አልጽፈውም።

መልከጼዴቅ መጣና በሰው ሁሉ ፊት “እሺ ስለሺ፣ ሴፍ ነው?” አለኝ።

“ደህና ነው” አልኩ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩባት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጸበል በተረጨበት ጎማ ፊት ቆሞ “አንዴ ቆዩ፣ እንደገና ልፈታው ነው” የሚል ሰው ካለ ከእኔ ይበልጣል።

እሑድ ቅዳሴው ውስጥ ቆሜ ሐሳቤ ጎማው ላይ ነበር። ሰኞ የሌላውን ሰው ጎማ ሳጠብቅ ዋልኩ፤ በእያንዳንዱ ጠቅታ ያ የግራ ጎማ ትዝ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ማክሰኞ ሳልታይ ሄጄ እሳቸው በሌሉበት አጥብቄው እመለሳለሁ። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጎዳም። እንዲህ ያለ ዘዴ ሲመጣልኝ ራሴን ብልህ አድርጌ እቆጥር ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ቶርክ ሬንቹን መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ የሞተሩ ድምፅ ተሰማኝ። ጋሽ ወልደየስ ተዳፋቱ ላይ ነበሩ፤ እንደተባባልነው ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚያጭዱት። የግራው ጎማ ግን በዞረ ቁጥር እንደ ሰካራም እግር ወደ ውጭ ወደ ውስጥ ይላል። መኪናዬን እንዴት እንዳቆምኩት አላውቅም። እየሮጥኩ እጄን አውለበለብኩ፤ ሞተሩን ቀነስ አድርገው ምን ሆነሃል አሉኝ።

እና ምን አልኳቸው? ጎማው ሊወልቅ ነው አላልኩም። ሰው ሊሞት ሲል እንኳ አልወጣልኝም። “ጋሼ፣ ቀስ ብለው ወደ ሜዳው ይምጡ፣ ፎቶ ላንሣዎት” አልኳቸው።

ደስ አላቸው። ቆባቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወረዱ። አርባ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስንት አቡነ ዘበሰማያት እንደደገምኩ ግን አላስታውስም። ሜዳው ላይ አቆሙ። ፎቶውንም አነሣሁት። እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ ጋሽ ወልደየስ እየሳቁ፣ ከኋላቸው ጎማው ተጣሞ።

ከዚያ ተንበረከክሁ። ከስድስቱ ዳዶዎች አንዱ የለም፤ አራቱን በጣቴ አዞርኳቸው።

“ዳዶው ላልቷል ጋሼ” አልኩ። ቶሎ ብዬ ደግሞ “አዲስ ስፔሰር ሲሆን ያጋጥማል” ብዬ ጨመርኩበት። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። የዚያን ቀን ግን ውሸት ነበር።

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ቀኝ እጃቸውን ከጓንቱ አውጥተው ዘረጉልኝና ሊጨብጡት ሞከሩ። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ። ከጥር ጀምሮ እንደዚህ መሆኑን፣ ለእትዬ አረጋሽም እንዳልነገሯቸው፣ ጠዋት ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ በግራ እጃቸው እንደሚቆልፉ ነገሩኝ። የትራክተሯን ቁልፍ ይቀሙኛል ብለው ነው የደበቁት። ሲነግሩኝ ፊቴን አላዩም፤ እኔም ያንን እጅ ላለማየት ጎማውን ሳይ ነበር።

“ቅዳሜ ሳስር አይተኸኛል?” አሉኝ።

“አይቻለሁ።”

ስልካቸውን አወጡና መልከጼዴቅ ጋ ደወሉ። ያላሰብኩት ነገር ነው። ዳዶዎቹ ላልተው እንደነበር፣ ያሰሩት ራሳቸው እንደሆኑ፣ እጃቸው እንደማይጨብጥ አንድ በአንድ ነገሩት። ለመንገደኛ የፍላይት ሰዓት የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከወዲያ በኩል መልከጼዴቅ ስለሺ አላየውም ነበር እንዴ ሲል ተሰማኝ። ጋሽ ወልደየስ አይቷልም አላየምም አላሉትም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

ተቀበልኩ። “አይቼ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት” አልኩት። መልከጼዴቅ አልተቆጣኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ወሰነ፦ ከዛሬ ጀምሮ ተዳፋቱን ስለሺ ያጭዳል፣ ጎማውንም በየሳምንቱ እሱ ያያል፤ ሜዳውና በረዶው የጋሽ ወልደየስ ይሁን፤ እጃቸውን ደግሞ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ነገርኳቸው። ተዳፋቱን ቀና ብለው አዩት፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቀርቷል። “ይሁን” አሉ።

እኔ ግን ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም። “ይቅር ይበሉኝ ጋሼ” አልኩ። “በሰው ፊት እንዳላዋርድዎት፣ ላክብርዎት ብዬ ነው።”

“እንዲህ አድርገው የሚያከብሩትማ” አሉ፣ “የሞተን ሰው ነው። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም። እኔ ገና ቆሜያለሁ፣ ስለሺ።”

ክሪኩን አምጥቼ አነሣኋት፤ የጎደለውን ዳዶ ከመኪናዬ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁ። ጋሽ ወልደየስ መሬት ላይ ከአጠገቤ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን አጠበቅሁና ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል “ጠቅ ሲል አልሰማሁም” አሉኝ። ጠቅ ብሎ ነበር። እንደገና አጠበቅሁላቸው።