የኦቦ ገመቹ መጭ

ሱሉልታ በተከራየሁት ቤት አጥር ሥር ዘንድሮም መጭ አብቧል፤ ሻካራ ቅጠሉን በጣቴ ባሸሁት ቁጥር ሽታው ቡራዩ ወዳደግኩበት ግቢ ይመልሰኛል።

እዚያ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ንብ ያነቡ ነበር፤ ቀፎዎቻቸው አጥራችንን ተጠግተው ስለተቀመጡ ንቦቹ ግቢያችንን እንደ ራሳቸው ያዩት ነበር፣ እናቴም ልብስ ባሰጣች ቁጥር በንቦቹ ታጉረመርም ነበር። አንድ ክረምት ኦቦ ገመቹ ከነሥሩ የተነቀለ መጭ አምጥተው፣ በኦሮምኛ ስሙ «ቱፎ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ትከዪው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የእናቴን ጎመን ገፍቶ ግማሹን ጓሮ ወረሰ፤ በየዓመቱ ከዚያው ሥር እየፈላ ጥቅምት ላይ ጓሮው ቢጫ ሲሆን፣ እኔም እንደ ባለርስት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንጎራደድበት ነበር። አንድ አደራ ግን ነበረብኝ፦ አባቴ ለጎመኑ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ ሲል ቀድሜ ለኦቦ ገመቹ ልነግራቸው፣ እሳቸውም የቀፎዎቹን አፍ ሊዘጉ። አባቴ ደግሞ ማሩ ሳይቆረጥ እንደማይረጭ በእኔ ምሎልኝ ነበር።

ማሩ ገና ሳይቆረጥ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የመድኃኒቱ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ፤ ከአበባው ሥር ንቦቹ እንደተደፋ እህል ረግፈዋል። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አባቴ ፊት ቆመዋል።

«ምነው፣ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«ነግሬያት ነበር እኮ» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ፤ «ልጅቷ አልነገረችዎትም?»

አልነገረኝም። አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማለት ግን አላደግኩበትምና ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴም ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ኦቦ ገመቹ አልተቆጡኝም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ በአጥሩ በኩል «አካም ጂርታ?» ብለው ደህንነቴን ጠይቀውኝ አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እውነቱን ሳይሰሙ አረፉ። የገዛ አባቴ ከዳኝ፤ ይህን በለዘበ ቃል ልለው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

አባቴ አሁን አርጅቶ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት ከመጩ አጠገብ ወንበር አውጥቼለት ፀሐይ ይሞቃል። ዛሬ ንቦች የሰፈሩበትን አበባ እያየ «እንዴት ያምራል! ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከቡራዩ ሥሩን ይዤ የመጣሁት ነው፤ ኦቦ ገመቹ የሰጡኝ።»

ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ።

«የትኛው ገመቹ?»

እያስመሰለ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ይቅርታውን ስጠብቅ፣ ለካ ያንን ቀን የማስታውስ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።