የቅሬው ድስት ሌባ

ሰው የማይሞትበት የወንጀል ልብወለድ እጽፋለሁ። ይህን ስናገር ወልድያ ያሉ ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ አንዱማ «ታዲያ ፖሊሱ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብሎኛል። እኔ ግን ሬሳ የሚገኝበት ታሪክ ለመጻፍ አንጀቴ አይችልም። በእኛ አገር ያለፉት ዓመታት ስለ ሞት የጻፉት ይበቃል። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ዶሮ ይጠፋል፣ ጃንጥላ ይጠፋል፣ ቢበዛ አንድ ፍየል ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ሌባው ይገኛል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ምሳ ይበላል። መተዳደሪያዬ መርሳ ላይ ሒሳብ ማስተማር ነው።

አራተኛው መጽሐፌ ላይ ያጠፋሁት የቅሬ ድስት ነበር። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ድስቱ ደግሞ የለቅሶ ንፍሮ የሚቀቀልበት፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ጉድ ነው። መርማሪዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ሰው ትኬቱን እንዴት አጥፎ ኪሱ እንደሚከት አይቶ ጥፋቱን ያውቅበታል። የከተማዋን ስም አልጠራሁም። ማንጎ እንዳላትና የወልድያ ሚኒባስ እንደሚቆምባት ብቻ ጻፍኩ፣ በዚህም ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጠርኩ።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሕጉ ቀላል ነው፤ ማንም የማይጠረጥረውን ሰው ሌባ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሌባዋን የቅሬው ዕቃ ጠባቂ አደረግኋት። የቅሬያችን ደንብ ድስቱ ለለቅሶ እንጂ ለሰርግ አይወጣም ይላል፤ የእኔዋ ዕቃ ጠባቂ ግን በድብቅ ለሰርግ ታውሰዋለች። ይህን መፍትሔ ለማንም አልተናገርኩም፣ የማስታወሻ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። የእኛዋ እውነተኛ ዕቃ ጠባቂ ደርባባ ሙስሊም እናት ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ስጽፍ እሳቸውን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። የቁልፉን ማንጠልጠያ ከእሳቸው ነው የወሰድኩት።

ጥፋቴ በኮምፒውተር አለመጻፌ ነው። በእጄ የጻፍኩትን ምዕራፍ በምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ቤት እወስዳለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ትተይብልኛለች። ሴትዮዋ ስትተይብ ድምፅዋን አውጥታ እንደምታነብ አላውቅም ነበር። መታወቂያ ሊያባዛ የገባ ሰው ምዕራፉ እስኪያልቅ ቁጭ ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ከመርሳ እስከ ጎረቤቷ ግራና ድስቱ መጥፋቱን ያልሰማ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣብኝ የግራና ሽንኩርት ነጋዴ ነው። መናኸሪያው በር ላይ አስቆመኝ።

«መምህር፣ ድስቱ በጠፋ ቀን እኔ ሐራ ገበያ ነበርኩ።»

«የትኛው ድስት?»

«የምዕራፍ ሦስቱ ነዋ። ከረጢት የተሸከመ የግራና ሰው ታየ ብለሃል።»

አንባቢን ለማሳሳት ያስገባሁት ሰው መሆኑን፣ ማንም እሱን እንዳላለ አስረዳሁት። አልተቀበለኝም። ሦስት ምስክር አለኝ አለ፤ ሁለቱን ይዟቸው መጥቷል፣ ሦስተኛው ባጃጁን እያቆመ ነበር።

ድስቱ ግን ዕቃ ቤቱ ውስጥ በቦታው ተቀምጧል። ሰዎች ሄደው አይተውታል፣ አንዱ እንዲያውም አንኳኩቶታል። ነገሩን ይህ አላበረደውም። «ያለ ነገር ወሬ አይነሳም» አሉ። በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ዕቃ ጠባቂዋ ሳህን ሲያስረክቡ አንዷ ጎረቤት ከፊታቸው ቆመች፣ አንድ በአንድ ቆጠረችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ቆጥሮባቸው አያውቅም። ይህን ስሰማ ሳቄ ጠፋ፤ አፈርኩ።

በማግስቱ በቀትር ዕቃ ጠባቂዋ የግቢዬን በር አንኳኩ። ይግቡ ብል አልገባ አሉ።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የእንሶስላውን።»

ምዕራፍ አምስት ላይ ትኬት ቆራጩ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ሙሽራ እጇን የምትሞቀው የእንሶስላ ቀለም ያለበት የጣት አሻራ ያገኛል፣ «ይህ ድስት ሰርግ ቤት ሳይሄድ አልቀረም» ይላል። ከዚያ በላይ ገና አልተተየበም።

«እናቴ፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት። ፈጠራ ነው» አልኳቸው።

«ፈጠራ ከሆነ የኔን ቤት እንዴት አገኘው?»

ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የቸገረው ሰው ለልጁ ሰርግ ድስቱን ለምኗቸዋል፣ አንጀታቸው አልቻለም፣ ሰጥተዋል። ድስቱ ቂጡ ተበስቶ ተመለሰ። የጆሯቸውን ወርቅ ሸጠው ወልድያ ወርደው ቁርጥ ያንኑ የመሰለ ገዝተው ተኩት። ባላቸው እንኳ ሳያውቁ ሞቱ። ማን እንደለመናቸው አልነገሩኝም፣ እኔም በድንጋጤ አልጠየቅኩም።

«ነገ አውጫጭኙ ላይ እናገራለሁ» አሉ። «ወላሂ ብዬ በሐሰት አልምልም። ቁልፉንም ያው አስረክባለሁ።»

አዎ፣ አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር። መንደሩ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፣ ሁሉም በየተራ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ይምላል፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። በአባቶቻችን ጊዜ በሬ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። በልብወለድ ምክንያት ሲጠራ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

የቅሬው ዳኛ በዱዓ ከፈቱት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ቁርኣኑም መስቀሉም ለመሐላ ቀርቧል። እጄን አወጣሁ።

«አባቴ፣ ድስቱ እኮ አለ።»

«ድስቱ እንዳለማ እናውቃለን፣ መምህር። የጠፋው ሌባው ነው።»

ሕዝቡ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው ተነሥቶ ድስቱን ጋቢ አልብሶ ሲሸሽ ያየሁት ሰው አለ ብሎ መሰከረ። የት ቦታ ተብሎ ሲጠየቅ ገጹን አላስታውስም አለ። የሽንኩርት ነጋዴው ምስክሮቹን አቆመ፤ የባጃጁ ሾፌር ስለ ሐራ መንገድ ብልሽት ረጅም ነገር ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ ሌባውን አላውቅም ብዬ መማል አልችልም፣ አውቃለሁና። አውቃለሁ ካልኩ ደግሞ ማንነቷን ተናገር እባላለሁ። ዕቃ ጠባቂዋ በሴቶቹ በኩል ከኔ አራት ሰው ቀደም ብለው ተቀምጠዋል።

ተራቸው ደረሰ። ተነሡ፣ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፣ ቁልፉን ማውለቅ ጀመሩ።

ሳልጠራ ተነሣሁ። «ሌባው እኔ ነኝ» አልኩ።

እሳቸው እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀሩ። በዚያች ሰዓት መጽሐፉን ቀየርኩት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌባው ተራኪው ራሱ፣ ማለትም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ መስቀሉን መትቼ ስምል አልዋሸሁም።

ዳኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የእንሶስላውን ነገር ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ ነው። ሌላ ማንም የነገረኝ የለም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ። የሒሳብ መምህር ለሁለት ሰው የሚከብድ ድስት ብቻውን እንዴት እንዳነሣ የጠየቀኝ የለም። እኚህ ዳኛ በአንድ ፍየል ክርክር ግማሽ ቀን ያስቀመጡን ሰው ናቸው፣ የእኔን ግን ጥላው ሳይዞር ጨረሱት። ፍርዱ ይህ ነበር፦ ወልድያ ሄጄ የዚያን ልክ አዲስ ድስት ገዝቼ እንዳመጣ። «ለቅሬው አይደለም» አሉ፣ «ለእሷ። ስሟን በከንቱ ላስነሣህበት ካሳ ነው። በእጅህ ታስረክባለህ።» ሕዝቡ ፍርዱን ወደደው። የሽንኩርት ነጋዴው ለእኔስ አለ፤ አስቀመጡት።

ድስቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ከወልድያ ተመለስኩ። የቅሬ ድስት የሚያክል ነገር ሲያይ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። መንገድ ላይ መኪናው በቆመ ቁጥር «ማን ሞተባችሁ?» ይሉናል። ማንም አልሞተም፣ ልብወለድ ነው አልኩ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ደከመኝና ዝም አልኩ፤ አንዲት አሮጊት ጣሪያውን እያዩ አለቀሱልኝ። መርሳ ስደርስ ዕቃ ጠባቂዋ በራቸው ላይ ተቀበሉኝ፣ ድስቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡት። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር።

ባለፈው ዓመት ዳኛው አረፉ። ለቅሶው ትልቅ ነበር፣ የቅሬው ድስት አልበቃም። ዕቃ ጠባቂዋ ሰዎች ወደ ቤታቸው ላኩና የእኔን ድስት አስመጡ። ንፍሮውን ሲያማስሉ አጠገባቸው እንጨት እያቀረብኩ ነበር። ሬሳው ፊት ደረቷን የምትመታ ሴት አየሁ። የሟች የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ የራሷ ልጆች ደርሰዋል።

እሳቸውም አዩዋት። «አላህ ይርሀማቸው» አሉ። ከዚያ ማማሰያውን ሳያቆሙ «አንተ እኮ መርማሪ ነኝ ትላለህ፤ የማን ሰርግ እንደነበር ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ልጅቷን አየሁ፣ ድስቱን አየሁ። የዳኛውን ዕዳ የከፈልኩት እኔ ነኝ ለካ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር፣ በድስቱ ሳይሆን በዳኛው ዝምታ። በዕቃ ጠባቂዋ ላይ ሳህን ሲቆጠር ሰውዬው ያውቃሉ፣ ዋርካው ሥር ቁልፋቸውን ሲያወልቁ ያያሉ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። «ስምዎ ሲጠፋ?»

«ተናግሬ የልጅቷን የሰርግ ትዝታ ላበላሽባት ነው? ያን ዕለት እንዴት እንደሳቀች አላየህም» አሉ። «ደግሞ እሳቸውም ቢሆኑ በፍርዳቸው ክሰውኛል። ድስቴን በእጅህ አምጥተህ የለም?» ጨው ጨመሩና ሳህን አቅርብ አሉኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው አሁን ይጻፍ ስላሉኝ ነው።

በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሌባው ዛሬም እኔው ነኝ። የወልድያ አንባቢዎች መጨረሻው አያሳምንም፣ የሒሳብ መምህር ያንን ድስት ብቻውን ሊያነሣው አይችልም ይላሉ። እውነታቸውን ነው።