ሁለት መቶ ኪሎ የተባለለት ብረት

ኢምፔሪያል አካባቢ መጋረጃ የሚሸጠው ሙነወር መኪናውን የሚያሳጥበው ዓርብ ዓርብ ነው። አጣቢው ጣሪያዋንም ጎኗንም እንደፈለገ ያጥባት፤ ፊቷን ግን ሙነወር ራሱ በንጹሕ ጨርቅ ካልወለወለ ደስ አይለውም። ያን ቀን የተጣበቀባትን ትንኝ ሁሉ በጥፍሩ እየፋቀ ሲያወርድ ያየው ሰው፣ ልጁን ለሰርግ የሚያሰናዳ ይመስለዋል።

መኪናዋ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለች ፎር ዊል ናት። ከፊቷ ጥቁር የብረት አጥር ተገጥሞላታል። ብረቱ ላይ ዊንች ተቀምጧል፤ ጭቃ የያዘው መኪና በሽቦ ገመድ ራሱን ጎትቶ የሚወጣበት ማሽን ማለት ነው። ሙነወር ጭቃ ለመጨረሻ ጊዜ የነካው የገርጂ ኮንዶሚኒየም ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ነው፤ ያኔም በእግሩ ነበር። መኪናዋ የምታውቀው ዓለም ከገርጂ ኢምፔሪያል፣ ከኢምፔሪያል ገርጂ ነው። ቢሆንም በረሃ ልታቋርጥ እንደተነሳች ሁሉ ሁልጊዜ ዝግጁ ናት።

“ይሄ ብረት ከነዊንቹ ሁለት መቶ ኪሎ ነው” ይላል ሙነወር ለጠየቀው ሁሉ። ያልጠየቀውም ይነገረዋል። መጋረጃ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ የጨርቁን ስፋት ሳይሰሙ የብረቱን ክብደት ሰምተው ይሄዳሉ።

ያልተነገረ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ዊንቹ ሞተር የለውም። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሰፈር ገዝቶ ቤቱ ሲፈታው ውስጡ ባዶ ሆኖ አገኘው። መልሶ ገጠመው፣ ቀለም ቀባው፣ አዲስ ገመድ ጠመጠመበት። ይህን ለባለቤቱ ለፈሂማ እንኳ አልነገራትም።

ከጊዜ በኋላ የመኪናዋ አፍንጫ ማዘቅዘቅ ጀመረ። ሙነወር አላዘነም፤ ይልቅስ ማስረጃ አገኘ። “አያችሁ? ክብደቱ ነው!” አለ። የሠፈሩ ሰው ግን “ሙኔ፣ ምን ጠፍቷት ነው መሬት መሬቱን የምታሸተው?” እያለ ይስቅ ነበር። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ፊቷ ከታች ብረት ከብረት ይማታል። አምና ከሐይቅ ከተማ ለጥየቃ የመጡት የፈሂማ እናት፣ እማማ ሀቢባ፣ በዚያች መኪና አንድ ቀን ዞረው ሦስት ቀን ተኙ። ድሮም ወገባቸው ያማቸው ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ለዚያው ወገባቸው ሊታከሙ ሊመጡ ሆነ። ስልክ ደወሉና ለልጃቸው ቁርጡን ነገሯት።

“ላምበረት ድረስ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከዚያ ሙነወር ያንሳኝ። ሳያናውጠኝ ካደረሰኝ እናንተ ዘንድ አርፋለሁ። ካናወጠኝ ግን ሰዓድ ይውሰደኝ።”

ሰዓድ የፈሂማ ታናሽ ወንድም ነው። ሰሚት ይኖራል፤ የሚነዳትም አንዲት ሚጢጢ ቪትዝ ናት።

ፈሂማ ስልኩን ዘግታ ባሏን አየችው። “የበኩር ልጇ እኔ ነኝ። እናቴ ታማ መጥታ ታናሼ ቤት ካደረች ዘመድ ምን ይለኛል? ያንን ከፊት የሚያንገጫግጨንን ሞላ ቀይረው።”

“ይቀየራል” አለ ሙነወር፣ አገር እንደሚያስተዳድር ሰው።

ጋራዡ ላምበረት መናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ ጣሃ ቁጥብ ሰው ነው፤ ከደንበኛ ጋር ከሚያወራው ከቡሎን ጋር የሚያወራው ይበዛል። የካርቶን ቁራጭ መሬት ላይ ዘርግቶ ሦስት ዓይነት የፊት ሞላ ደረደረ።

“ይሄ ምንም ላልተጨመረባት መኪና ነው። መሐለኛው እስከ ሃምሳ ኪሎ ለተጨመረባት። ይሄ ወፍራሙ ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ ለተሸከመች። ያንተ ብረት ስንት ኪሎ ነው?”

“ሁለት መቶ።”

“ተመዝኖ ነው?”

“ዐይን የለህም እንዴ?”

የሚኒባሱ ማርሽ እስኪሠራለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው ሹፌሩ ሚስባህ ጣልቃ ገባ። “ሁለት መቶ ኪሎማ ከሆነ፣ ሙኔ፣ ሦስት ሰው ትርፍ ጭነሃል። እኔ አንድ ጭኜ ነው የምቀጣው!”

ጣሃ አልሳቀም። በእጁ የያዘውን ቁልፍ አንስቶ ብረቱን ኳ አደረገው። ብረቱ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

“ውስጡ ክፍት ነው እንዴ ይሄ?”

“የውጭ ብረት ድምፁ እንዲህ ነው።”

“ሙነወር ወንድሜ፣ ሞላ በግምት አይመረጥም። አራት ቡሎን እፈታለሁ፤ እዚሁ ጎረቤት ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ ሚዛን አለው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወፍራሙ የሚጫነው ክብደት ካላገኘ አይተጣጠፍም፤ ሞላ ሳይሆን ምሰሶ ነው የሚሆንብህ።”

ሙነወር ሚስባህን አየ። ሻይ ያመጣችውን ልጅ አየ። ጣሃ ያንን ዊንች ፈቶ በአንድ እጁ እንደ ጀበና ሲያነሳው በዐይኑ ላይ ሄደበት። 

“ወፍራሙን ግጠም አልኩህ!”

ጣሃ ትከሻውን ነቅንቆ ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር አስገባ።

መኪናዋ ስትወጣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ሙነወር ከመሪው ጀርባ ሆኖ የሚታየው አስፋልቱ ሳይሆን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲገባ ግን ምላሱን ነከሰ፤ ጭንቅላቱ ጣሪያ ነካ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ሁሉ ተንጫጫ። ፈሂማ ልትሞክራት እስከ ዳቦ ቤቱ አብራው ሄደችና በእግሯ ተመለሰች።

“ይለምዳል” አላት።

“ማን? ሞላው ነው ወገባችን?”

ሰኞ ከሰዓት ሙነወር መላ አገኘ። ግንባታ ከሚካሄድበት ጎረቤት ሁለት ከረጢት አሸዋ ለምኖ ዊንቹ ላይ አሰራቸው። አፍንጫዋ ትንሽ ዝቅ አለ። ሁለት መቶ ኪሎ የተሸከመች መኪና ክብደት አንሷት አሸዋ ስትጨመርላት በገርጂ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ፈሂማ ወጥታ ከረጢቶቹን አየቻቸው። “ያ ሁለት መቶ ኪሎ የት ሄዶ ነው አሸዋ የለመንከው?”

“ለጊዜው ነው” አላት።

ለጊዜውም አልሆነም። ማክሰኞ ከፈሂማ ጋር ወደ ላምበረት ሲነሱ፣ ሰው እንዳያይበት ብሎ አሸዋውን አውርዶ ሄደ።

አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። ሰዓድም በቪትዙ መጥቶ ነበር። “ለማንኛውም ብዬ ነው” አለ። ሙነወር ቪትዟን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ብዙም የሚታይ አልነበራትም። እማማ ሀቢባ ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ተሳሳሙ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ የተንጋለለችውን መኪና ቀና ብለው ተመለከቱ።

“ይሄ ሁሉ ብረት ስንት ይመዝናል፣ ሙነወር?”

“ሁለት መቶ ኪሎ ነው፣ እማማ። አያስቡ፣ ሞላውን አስቀይሬዋለሁ።”

“ጎሽ” አሉ። ፈሂማና ሰዓድ ግራና ቀኝ ደግፈው አሳፈሯቸው።

በመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እማማ ሀቢባ “ያ ረቢ” አሉ። በሁለተኛው የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው አንቀው ያዙ። ሙነወር ፍጥነቱን ቀነሰ። እግረኛ አለፈው። አንድ ባለ ጋሪም አለፈው። መኪናዋ ግን በእያንዳንዷ ስንጥቅ ላይ እንደ ፌንጣ መዝለሏን አልተወችም። መገናኛን አልፈው ኢምፔሪያል ሳይደርሱ እማማ ሀቢባ እጃቸውን አነሱ።

“አቁም።”

ከኋላ ይከተል የነበረው ሰዓድም ቆመ። ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው፣ በሰዓድ ትከሻ ላይ ተደግፈው ወረዱ። ቪትዟ በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ “የልጄ ባል ነህና እኔ አልረግምህም። ለወገቤ ግን ዋስ አልሆንም” አሉት።

ባልና ሚስቱ ቤት ሲገቡ ፈሂማ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ለእናቷ አንጥፋ ያዘጋጀችውን አልጋ ገፈፈች፤ ያልተተኛበትን አንሶላ አራት ቦታ አጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ መለሰችው። ሙነወር በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሁለት መቶ ኪሎ ከብዶት የማያውቅ ሰው፣ ያቺ አንሶላ ከበደችው።

ረቡዕ ጠዋት ጣሃ ጋራዡን ሳይከፍት ሙነወር በሩ ላይ ደረሰ።

“ፍታው” አለ። “ይመዘን።”

ጣሃ ቁልፉን አንስቶ ቡሎኖቹን ፈታ። ብረቱን ሁለት ሆነው፣ ዊንቹን ደግሞ ሙነወር ራሱ ተሸክሞ ወደ ሚዛኑ ሄዱ። ሚስባህ ማርሹ አሁንም አልተሠራለትም፤ ሻዩን ይዞ ተከተላቸው። ብረቱ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሆነ። ዊንቹ ስምንት።

“ስምንት?” አለ ሚስባህ። “ኧረ ሙኔ! ሁሉም ተደምሮ ሠላሳ ዘጠኝ? ይሄማ ትርፍም አይባል፤ አቅፈውት የሚሄዱት ሕፃን ነው።”

ባለ ሚዛኑ ብረቱን አገላብጦ አየና፣ “ይሸጣል?” አለ።

“አይሸጥም” አለ ሙነወር በቀስታ።

ጣሃ ወፍራሙን ሞላ አውጥቶ መሐለኛውን ገጠመ። ከመኪናዋ ሥር ሆኖ፣ “ድሮም ያዘቀዘቀችው በብረቱ አልነበረም” አለ። “ያ የመጀመሪያው ሞላ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ ደክሞት ነው። ጡረታ ፈልጎ ነበር፤ አንተ ግን በሱ ድካም ስትኮራ ከረምክ።”

ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ሙነወር በጠዋት ሰሚት ሄዶ የሰዓድን በር አንኳኳ። እማማ ሀቢባ በመስኮት መኪናዋን አዩ። አፍንጫዋ ወደ ሰማይም ወደ መሬትም አያይም፤ እንደ ሰው ፊት ለፊቷን ታያለች።

“በቪትዟ ነው የምሄደው” አሉ።

“እማዬ፣ እኔ ሥራ ልገባ ነው” አለ ሰዓድ። “ካናወጠሽ ደውዪልኝ፣ ጥዬ እመጣለሁ።”

ተሳፈሩ። መጀመሪያ ጉብታው ላይ ዱላቸውን ጨብጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ። መኪናዋ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። ዐይናቸውን ገለጡ። ሁለተኛውን በአንድ ዐይናቸው አሳለፉት። ሦስተኛውን አላስተዋሉትም፤ ወደ ፊት ብረቱን እያዩ ነበር።

“ስንት ኪሎ ነው ያልከኝ ይሄን ብረት?”

ሙነወር መሪውን አጥብቆ ያዘ። ሚስባህ የለም፣ ጣሃ የለም፣ የሚሰማው ሰው የለም። መዋሸት ቀላል ነበር።

“ሠላሳ ዘጠኝ።”

“ከኔም ያንሳል ማለት ነዋ።”

“ያንሳል፣ እማማ።”

“ያ ገመድ የተጠመጠመበትስ? ይሠራል?”

“ሞተር የለውም።”

“ታዲያ ለምን ትሸከመዋለህ?”

ሙነወር መልስ ፍለጋ በመስታወቱ አየ፣ በመስኮቱ አየ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር።

“ያምራል።”

እማማ ሀቢባ ብረቱን እንደገና ትክ ብለው አዩት። ዓርብ ሳይደርስ ተወልውሎ ነበር።

“ማማሩንስ ያምራል” አሉ፤ ከዚያ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። “ከሐኪም ቤት ስንወጣ ወደ ፈሂማ ውሰደኝ። ሻንጣዬን ሰዓድ በዚያች ሚጢጢ ያምጣው።”