ሽማግሌው ዴዴሳን እንዴት ተሻገሩ

የዚያን ቀን ጠዋት ወንድሜ ቁርሱን ቆሞ በላ። ይህን ለምን እንደማስታውሰው አላውቅም፤ ሁልጊዜም ቆሞ ነበር የሚበላው። እናቴ "ተቀመጥ፣ የቆመ ሰው ምግብ ሆዱ አይረጋም" ትለዋለች፤ እሱ "አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው እማዬ" ይልና እያላመጠ ይወጣል። አንድ ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው የጠዋት የሬዲዮ ዝግጅት ይጀምራል።

በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል። መቱ ውስጥ በአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። እኔ ጎሬ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱን ላሳልፍ መጥቻለሁ። ቤታችን ሬዲዮ አልነበረም፤ የምንሰማው የባለሱቁን ነው። ባለሱቁ ሬዲዮውን በስኳሩና በፋኖስ ብርጭቆዎቹ መካከል መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለሆነ ከጠዋቱ ዝግጅት በቀር ብዙም አይከፍቱትም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው ያበረቱታል፤ በመቱ ክረምት ግን ፀሐዩም ራሱ ደካማ ነው።

ዝግጅቱ በዘፈን ይከፈታል። ከዚያ አቅራቢው አገሩን በሙሉ እንደ ጎረቤት "እንደምን አደራችሁ" ይላል። በረንዳው ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ መኪናውን መርገጡን ትቶ "እግዜር ይመስገን፣ አንተስ?" ብሎ ይመልስለታል። ቀጥሎ እንግዳ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ ያሰላስላል። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝኑት ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ግን ያንንም ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማና "ይሄ ሰውዬ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚያስበው" ይላል።

የዚያን ቀን እንግዳው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎሬ አዲስ አበባ ደብዳቤ በእግራቸው ያመላልሱ እንደነበር አቅራቢው ሲናገር ልብስ ሰፊው ብድግ አለ።

"ጎሬ አለ። ሰማችሁ? ጎሬ አለ።"

"ዝም በል እስቲ፣ ጎሬ የት ይሄድብሃል" አሉት ባለሱቁ።

ሽማግሌው ሲናገሩ አይቸኩሉም። አንድ ክረምት የደብዳቤ ከረጢታቸውን በቆዳ ጠቅልለው ዴዴሳ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ታንኳ የለም፣ ድልድይ የለም። ደብዳቤው ደግሞ አስቸኳይ ነው።

"ታዲያ ምን አደረጉ አባቴ?" አለ አቅራቢው።

ሽማግሌው ገና "እንግዲህ…" ሲሉ ሬዲዮው ይንጫጫ ጀመር። ዝናብ ባለ ቁጥር እንዲህ ያደርገዋል። ጩኸቱ ሲቀንስ አቅራቢው "ሰዓታችን አልቋል፤ የተሻገሩበትን ነገ ጠዋት ይነግሩናል" ሲል ሰማን።

"የበቅሎ ጭራ ይዘው ነው" አለ ወንድሜ ወዲያው።

"በቅሎ እንዳላቸው ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ሰው ይለምናላ። የወንዝ ዳር በቅሎ የሁሉም ናት።"

"ግንድ ጥለው ነው" አሉ ባለሱቁ።

"ዴዴሳን የሚያህል ግንድ ደግሞ የትኛው ጫካ በቀለ ጋሼ?" አላቸው ልብስ ሰፊው።

እኔ ውሃው እስኪጎድል ጠብቀው ይሆናል አልኩ። ሁሉም ሳቁብኝ። ወንድሜ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አንተን ደብዳቤ አስይዞ የላከ ሰው መልሱን የሚያነብለት የልጅ ልጁ ነው" አለኝ።

ለምሳ ስንገባ ታሪኩን ለእናቴ ነገራት። እናቴ ሬዲዮ አትወድም፤ ፊቱ ከማይታይ ሰው ጋር ምን ጨዋታ አለ ትላለች። ግን እሱ ሲያወራላት ጎመን መቀንጠሷን ትታ ታዳምጣለች።

"ታዲያ ተሻገሩ?" አለችው።

"ነገ እነግርሻለሁ።"

"እንዲህ ሰውን አንጠልጥለህ ልትሄድ?"

"ነገ እማዬ። ቃሌ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ወንድሜ ከመጋዘኑ ቀደም ብሎ ወጥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። የሬዲዮውን አንቴና ሽቦ ከሱቁ ጀርባ ባለው ዋንዛ ከፍተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሊያስረው ፈልጓል። እንዲህ ከሆነ ነገ አይንጫጫም አለ።

"አቶ ሚዛን፣ ቅርፊቱ እርጥብ ነው፤ ሌላ ቀን ይደርሳል" አሉት ባለሱቁ። ሲያሾፉበት እንዲህ ነበር የሚጠሩት።

"ሽማግሌው ሌላ ቀን አይመጡም ጋሼ" ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ባለሱቁ ውስጥ ገብተው ሬዲዮውን ከፈቱ። እኔ ከዛፉ ሥር በጓሮው በር በኩል ቆሜ የምሰማውን ወደ ላይ እነግረዋለሁ።

"ይሰማል?"

"ይንጫጫል።"

ወደ ላይ ወጣ። "አሁንስ?"

"ይሻላል።"

እዚህ ላይ መጻፍ ይከብደኛል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ሰርዤዋለሁ። "ትንሽ ከፍ አድርገው" ያልኩት እኔ ነኝ። ከእሱ በቀር ማንም አልሰማኝም፤ እናቴም እስከ ዛሬ አታውቅም። ከፍ አደረገው። ሽቦውን አጥብቆ ሲያስር አይቻለሁ። የወደቀው ሲወርድ ነው። ተሸክመነው ሐኪም ቤቱ በር ሳንደርስ አረፈ።

በማግስቱ ሲነጋ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ቀብሩ ዘመዶች ከሁሩሙና ከቡሬ እስኪደርሱ ተብሎ ለአምስት ሰዓት ተቀጥሯል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። እኛ ዘንድ ልቅሶ ባለበት ሰፈር ሬዲዮ አይከፈትም፤ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ይዘጋል። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ የአጎቴን የእጅ ሰዓት አየሁ። ለአንድ ሩብ ጉዳይ ይላል።

ወንድሜ ሞቶ ስለ በቅሎ ጭራ ማሰቤ አሳፈረኝ። ግን አሰብኩ። ማወቅ ፈለግሁ። ጥያቄው ከኀዘኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጎትተኝ ነበር፤ ተሻገሩ? በምን? ውሃ ልጠጣ የምወጣ መስዬ ተነሣሁ።

ሱቁ ዝግ ነበር። በጓሮ በኩል ስዞር ባለሱቁን አገኘኋቸው። ሽቦው ወደ ቤቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ሰንጢ ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ልቆርጠው ነው። ይህን ነገር ደግሜ አልሰማውም። ሬዲዮ ገዝቼ የሰው ልጅ አስበላሁ።"

"ዛሬን ይተዉት። ይክፈቱልኝና ልስማ።"

"ሬሳው ሳይወጣ? ሂድ ልጄ፣ እናትህ ጋ ተቀመጥ። ሰው ምን ይለናል?"

"ለእናቴ ነው። ነገ እነግርሻለሁ ብሏት ነበር።"

ሰንጢውን አዩት፤ ዛፉን አዩ።

"የሽማግሌውን?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ያ ረቢ" አሉ፤ ሰንጢውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ገብተን በሩን ዘጋን። ሱቁ ጨለማ ነው፣ ላምባ ላምባ ይሸታል። ባለሱቁ ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ከፈቱት። አልተንጫጫም። አቅራቢው "እንደምን አደራችሁ" ሲል ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመ መሰለኝ። እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ባለሱቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዘፈን ሲጀምር ድምፁን ፈጽመው አጠፉት። በዚያ ቀን ዘፈን መስማት አይሆንም። እጃቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ያልቅበታል ያሉትን ያህል ጠበቁ። ቀስ ብለው ከፍ ሲያደርጉት ዘፋኙ አሁንም እየዘፈነ ነው፤ ደንግጠው መለሱት። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። "ይሄ ሰው አይደክመውም?" አሉ በሹክሹክታ። በሦስተኛው ሽማግሌው መጡ።

"አምስት ቀን ጠበቅሁ" አሉ። "በስድስተኛው ውሃው ጎደል ሲል አንድ ነጋዴ በቅሎውን ሊያሻግር መጣ። ከረጢቱን ራሴ ላይ አስሬ ጭራዋን ያዝሁ። ከመካከል ስንደርስ ሐሳቧን ለወጠችና ተመለሰች፤ እኔም አብሬ ተመለስሁ። ሁለተኛም መለሰችኝ። በሦስተኛው ወጣች። እኔ ተሻገርሁ አልልም፤ የተሻገረችው እሷ ናት።"

"ደብዳቤውስ?" አለ አቅራቢው እየሳቀ።

"ደረቅ ነበር። ለባለቤቱ ሰጠሁት፤ አንብቦ 'ይሄንንማ ሰምቻለሁ' አለኝ።"

ባለሱቁ ሬዲዮውን ዘጉት። የዚያን ቀን ማሰላሰሉን አልሰማንም።

"ጠብቀዋል። አንተ ያልከው ነው" አሉኝ።

"ጭራም ይዘዋል" አልኩ።

ለሳምንት የሚበቃ ክርክር ነበረው። ወንድሜ ቢኖር አምስቱ ቀን አይቆጠርም፣ ዋናው ጭራው ነው እያለ ያደርቀን ነበር።

"ሽቦውንስ?" አሉ።

"ይኑር ጋሼ።"

ስመለስ አጎቴ "የት ጠፋህ?" አለኝ። በሴቶቹ መካከል አልፌ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት መሬቱን ታያለች። ሲነጋ ጀምሮ ቃል አልወጣትም።

ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ "ተሻገሩ" አልኳት።

ማን አላለችኝም። በሰለለ ድምፅ "በምን?" አለችኝ።

እጇን ይዤ ከከረጢቱ ጀምሬ ነገርኳት። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ የተመለሰችውንም አላስቀረሁም።